አሥራ አንዱ ዋንጫ የማን ነው?

ሰው «ይኼን እኔ ሠራሁት» ሲል ምን ማለቱ ነው? ጥያቄው ለአፍ ይቀላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ይጠልቃል። ገበሬው ጎተራውን አሳይቶ «የዘንድሮ እህሌ ነው» ይላል፤ ዝናቡን ግን እሱ አላዘነበውም፤ ለአጨዳው ደቦ የወጡትም ጎረቤቶቹ ናቸው። ደራሲው በመጽሐፉ ላይ ስሙን ያትማል፤ ቋንቋውን ግን ከእናቱ ጉያ ነው ያገኘው። እንዲህ እያልን ከሄድን «የእኔ ሥራ» የሚባለው ነገር ተሸርሽሮ ተሸርሽሮ ያልቃል። ያም ሆኖ «ሁሉ ነገር የሁሉም ነው» ብለን ብንዘጋው፣ ሲለፋ ያደረውና ተኝቶ ያደረው እኩል ሊሆኑ ነው፤ ይኼ ደግሞ ለኅሊና አይዋጥም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ነው። የአንድ ሰው ክንዋኔ በምን ይሰፈራል? ሰፋሪውስ ማን ነው?

ለምሳሌነት የመረጥኩት አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። «ፍልስፍና ብለህ ጀምረህ ኳስ ልታወራን ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፤ ግን በምክንያት ነው። በቢሮም ሆነ በፋብሪካ ማን ምን እንደሠራ ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ ይቀራል። ሜዳ ላይ ግን መብራት በርቷል፤ ሕዝቡ ዐይኑን አፍጥጧል፤ መዝጋቢው ከጠረጴዛው ሳይነሣ እያንዳንዷን ነጥብ ይጽፋል። ይኼ ሁሉ ታይቶና ተጽፎ እንኳ «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ካልተፈታ፣ ሌላ ቦታማ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ቢል ረስል ይባላል። በ1934 በአሜሪካ ደቡብ፣ ሉዊዚያና በሚባለው ክፍለ ሀገር ተወለደ። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት ነበር። ቤተሰቡ ከዚያ ተነቅሎ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ገባ፤ ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበት። ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1955ና በ1956 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ ምሰሶ እሱ ነበር። በ1956 መጨረሻ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ከአገሩ ቡድን ጋር ወርቅ ወሰደ። (ያ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት እንደነበረ እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።) ከሜልቦርን ሲመለስ ቦስተን ሴልቲክስ ለሚባለው የባለሙያዎች ቡድን መጫወት ጀመረ።

እዚያ 13 የውድድር ዘመን ቆየ። በእነዚህ 13 ዓመታት ሴልቲክስ 11 ጊዜ የኤን.ቢ.ኤ. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1957፣ ቀጥሎ ከ1959 እስከ 1966 ስምንት ዓመት በተከታታይ፣ በመጨረሻም በ1968ና በ1969። የኋለኞቹን ሁለት ያገኘው ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ነው። በ1966 አሠልጣኝ ሆኖ ሲሾም በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ነበር። አምስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። በ1969 ከመጫወት ተሰናበተ፤ በ2022 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ሊጉ ከእንግዲህ በየትኛውም ቡድን አዲስ ተጫዋች የእሱን 6 ቁጥር እንዳይለብስ ወሰነ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የውዳሴ ወግ ነው፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ነገሩ የሚከረው መዝገቡን ስንገልጥ ነው። ረስል በአማካይ በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው 15.1 ነጥብ ነው። ከወረወራቸው ኳሶች ያገባው ከመቶ 44 ያህሉን ነው። ማንም ሳይከለክለው ቆሞ ከሚወረውረው ነጻ ውርወራ እንኳ ያገባው ከመቶ 56ቱን ብቻ ነበር። ተመላሽ ኳስ በመልቀም ረገድ፣ ማለትም ሳትገባ ነጥራ የምትመለሰውን ኳስ በመያዝ፣ በአማካይ በጨዋታ 22.5 አለው፤ ይኼ እውነትም ድንቅ ነው። ግን ስለ ሰውየው የማያውቅ አንድ እንግዳ ይኼን መዝገብ ብቻ ብንሰጠው «ደኅና ተጫዋች ነበር» ብሎ ይመልስልናል እንጂ «የዘመኑ አውራ ነው» አይልም።

የዘመኑ አውራ በመዝገብ ሌላ ሰው ነበር። ዊልት ቻምበርሌን በ1961-62 የውድድር ዘመን በአማካይ በጨዋታ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። በማርች 2 ቀን 1962 ደግሞ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኸርሺ በምትባል ከተማ፣ በኒውዮርክ ቡድን ላይ ብቻውን 100 ነጥብ አገባ። ሁለቱም ቁጥሮች እስከ ዛሬ አልተደፈሩም። ያን ዓመት የረስል አማካይ 18.9 ነበር። ተመላሽ ኳስም ቢሆን በዕድሜ ልክ ድምር ቻምበርሌን 23,924፣ ረስል 21,620 ናቸው። እንግዲህ በነጥብም በተመላሽ ኳስም ቻምበርሌን ይበልጣል።

ታዲያ በ1962 የዓመቱ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ማን ይመስላችኋል? ረስል ነው! መራጮቹስ እነማን ነበሩ? በዚያ ዘመን ኮከቡን የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ጋዜጠኞቹ በበኩላቸው የዓመቱን ምርጥ አምስት ሲያወጡ በመሐል ተጫዋች ቦታ ያስቀመጡት ቻምበርሌንን ነው፤ ረስልን ወደ ሁለተኛው ምርጥ ቡድን ዝቅ አደረጉት። አንድ ዓመት፣ አንድ ሊግ፣ ሁለት ሰዎች፤ ፍርዱ ግን ለየቅል። ከውጭ ሆኖ የሚያየውና የሚጽፈው አንዱን መረጠ፤ ውስጥ ገብቶ የሚጋፋው፣ የሚገፈተረው፣ ላቡ የሚንጠፈጠፈው ሌላውን መረጠ።

ለእኔ የጥያቄያችን ቁልፍ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ በችኮላ እንዳናጠምመው ግን ቀስ እንበል። «ተጫዋቾቹ ያወቁት፣ ጋዜጠኞቹ ያላወቁት ምን ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ ነገር ልጥቀስ። አንድ ረጅም ተከላካይ የተወረወረን ኳስ አየር ላይ ሲያጨናግፍ፣ በኃይል መትቶ ሕዝቡ መኻል ቢሰዳት አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ኳሷ ግን ከሜዳ ስለወጣች ተመልሳ የምትሰጠው ለዚያው ለወርዋሪው ቡድን ነው። ጭብጨባ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም ማለት ይቻላል። ረስል የታወቀው በሌላ ዘዴ ነው። ኳሷን በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርግና ከሜዳ ሳትወጣ ጓደኛው እጅ እንድትገባ ያደርጋታል። ጓደኛውም ይዟት ሮጦ ወዲያ ማዶ ያገባል። መዝጋቢው ሲጽፍ ነጥቡ የጓደኛው ነው። ለረስል የሚጻፍለት ምንድን ነው? ምንም! ሊጉ የተጨናገፉ ኳሶችን በይፋ መቁጠር የጀመረው ከ1973-74 የውድድር ዘመን ወዲህ ነውና፤ ረስል ከተሰናበተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። የእሱ ዋነኛ ሙያ በራሱ ዘመን ስፍር አልነበረውም።

ከዚህም የባሰ አለ። ረስል እዚያ መቆሙን አይቶ፣ ወደ ቅርጫቱ ሊገባ የነበረ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ከሩቅ ሲወረውርና ሲስት፣ ያች ያልተወረወረች ኳስ በምን ትቆጠራለች? ባለመሆኑ የሚለካ ነገር መዝገብ ውስጥ እንዴት ይገባል? ያልሆነውን ነገር ያወቀው ሊያደርገው አስቦ የተወው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ለረስል ድምፅ ሲሰጡ፣ በመዝገብ ላይ ያልተጻፈውን፣ በገዛ አካላቸው ግን የተጻፈውን መመስከራቸው ነበር። ቁጥር የዋሸ አይደለም፤ ቁጥር የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ጠያቂው ያልጠየቀው ነገር ግን ስላልተጠየቀ የለም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንወዳት ተረት አለች፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ጥሩ ተረት ናት። ነገር ግን ማን ስንት ሎሚ እንደያዘ አትነግረንም። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ይኼን በደንብ እናውቀዋለን፤ አምስት ሆነን የቡድን ሥራ ይሰጠናል፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው ያነጋሉ፣ ሦስቱ ስማቸው ከላይ መኖሩን አይተው ይሄዳሉ፣ ነጥቡ ግን ለአምስቱም እኩል ነው። «ዋናው የጋራ ውጤት ነው» የሚለው ንግግር ለሰነፍ መጠለያ ሊሆን ይችላል። እና አሁን «11 ዋንጫ» እያልን ረስልን ስናነግሥ፣ የጓደኞቹን ሎሚ ሁሉ እሱ ራስ ላይ መቆለላችን አይደለም ወይ? ሳም ጆንስ ራሱ 10 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ቦብ ኩዚ ነበረ፤ ኬ.ሲ. ጆንስ ነበረ፤ እስከ 1966 ቡድኑን የመራው አሠልጣኙ ሬድ አወርባክ ነበረ። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ ረስል ብቻውን ምን ይፈይድ ነበር?

መቃወሚያው ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ ሌላ ልጨምርበት፣ እሱም ዕድል ነው። በ1962 የመጨረሻው ዙር ሰባተኛ ጨዋታ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ነበር። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ ነጥቡ እኩል ሳለ፣ ፍራንክ ሴልቪ የተባለው የሌከርስ ተጫዋች ያለቀለት የሚመስል ኳስ ወረወረ፤ የቅርጫቱን ጠርዝ መታችና ወጣች። በጭማሪ ሰዓት ሴልቲክስ 110 ለ107 አሸነፈ። ያች ኳስ ትንሽ ወደ ውስጥ ብታዘነብል ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አሥር ዋንጫ ነበር። ረስል በዚያ ምሽት 30 ነጥብና 40 ተመላሽ ኳስ ነበረው። እንግዲህ ሰውየው ያው፣ ልፋቱ ያው፤ አንዲት ኳስ ግን «አሸናፊ»ና «ተሸናፊ» የሚለውን ስም ታከፋፍላለች።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። ልጅ እያለ በትምህርት ቤቱ ትንሹ ቡድን ውስጥ የመጨረሻው ተጫዋች ነበር፤ ማሊያው ስለማይበቃ አንዷን ማሊያ ከሌላ ልጅ ጋር እየተፈራረቀ ይለብሳት ነበር። አሠልጣኙ ጆርጅ ፖውልስ በዚያን ጊዜ «ይኼ ልጅ አይሆንም» ብሎ ቢያሰናብተው ኖሮ ማን ይፈርድበት ነበር? ደግሞም ረስል ሲጀምር ሊጉ ውስጥ የነበሩት ቡድኖች 8 ብቻ ናቸው፤ ዛሬ 30 ናቸው። እውነቱን ለመናገር ይኼ ሁሉ ታስቦ ሲያበቃ «11 ዋንጫ» የሚለው ቁጥር ራሱ እንደ 100 ነጥቡ የሚያታልል ቁጥር ነው። ነጥብ ቆጣሪውን ነቅፈን ዋንጫ ቆጣሪ ብንሆን ምኑ ነው መሻሻሉ? ማሸነፍንም እንደ መለኪያ ልንወስደው አንችልም ማለት ነው።

ሊጉ ራሱም ይኼን አንድ ጊዜ በግልጽ መስክሯል። በ1969 የመጨረሻው ዙር ሰባተኛ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ ነበር። ሌከርሶች ድሉን በመተማመን በሺህ የሚቆጠር ፊኛ ከጣራው ሥር ሰቅለው ነበር፤ ፊኛዎቹ ሳይወርዱ ቀሩ፤ ሴልቲክስ 108 ለ106 አሸነፈ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለመጨረሻው ዙር ኮከብ ሽልማት እንዲሰጥ ተወስኖ ስለነበር፣ ተሸላሚው ማን ሆነ? የተሸናፊው ቡድን ተጫዋች ጄሪ ዌስት! በዚያ ጨዋታ 42 ነጥብ አስቆጥሯል። ከተሸናፊ ቡድን ያን ሽልማት ያገኘ ሰው ከእሱ በፊትም በኋላም የለም። ዌስት ዋንጫ ስላጣ ልፋቱ ከንቱ ነበር የሚል ሰው፣ ያን ምሽት ሜዳው ላይ ከነበሩት መካከል ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ነጥቡም ካልሆነ፣ ዋንጫውም ካልሆነ፣ መለኪያው ምንድን ነው?

የእኔ መልስ ይኼ ነው። የሰው ክንዋኔ የሚለካው፣ እሱ በመኖሩ ከጎኑ ያሉት ሰዎች የቱን ያህል ሠሪዎች ሆኑ በሚለው ነው። ረስል ራሱም ጨዋታውን የሚመዝነው ጓደኞቹን ምን ያህል እንዳሻሻላቸው እያየ እንደነበረ ተናግሯል። ይኼ መለኪያ ሰነፉን ከታታሪው ይለያል፤ ስሙን ብቻ የጻፈው ተማሪ ማንንም አላሠራምና ድርሻ የለውም። ዕድልንም ያጠራል፤ ሴልቪ ኳሷን ቢያገባትም ረስል ለጓደኞቹ የሆነላቸው ነገር አይቀነስም። ኩዚንና ሁለቱን ጆንሶች አያጠፋም፤ እንዲያውም የእነሱ መላቅ የእሱ ሥራ አካል፣ የእሱም መላቅ የእነሱ ሥራ አካል ይሆናል። «አሥራ አንዱ ዋንጫ የማን ነው?» ብንባል «እያንዳንዱ ሌላውን ያሠራውን ያህል የእያንዳንዱ ነው» ብለን መመለስ እንችላለን። እንደ እንጀራ ተቆርሶ የሚከፋፈል ነገር አይደለም፤ አንዱ ሲወስድ ለሌላው አያንስም።

«ይኼ ለረስል ማድላት ነው» የሚል ቢኖር ወደ ቻምበርሌን ልመልሰው። በ1966-67 የውድድር ዘመን ይኼው ሰው የነጥብ አማካዩን ወደ 24.1 ዝቅ አድርጎ ለጓደኞቹ በማቀበል በጨዋታ 7.8 ደረሰ። ያን ዓመት የፊላደልፊያ ቡድኑ 68 ጨዋታ አሸንፎ በ13 ብቻ ተሸነፈ፤ የሴልቲክስን የስምንት ዓመት ሰንሰለት በጥሶም ዋንጫውን ወሰደ። በነጥብ አንሶ በሥራ በለጠ። 100 ነጥቡን ሁሉም ያውቃታል፤ 7.8ቷን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይሁንና መለኪያዬ አንድ አደገኛ ጎን አለው፤ ልሸፍነው አልፈልግም። መዝገብ ሳይሆን ምስክር ይሻላል ካልን፣ ምስክርም ይሳሳታል። ከላይ ባነሣሁት የ1969 ጨዋታ ላይ ቻምበርሌን ለሌከርስ ይጫወት ነበር፤ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ጉልበቱ ተጎድቶ ወጣ። ኋላ ልመለስ ቢልም አሠልጣኙ አላስገባውም። ከዚያ በኋላ ረስል በአደባባይ ወቀሰው፤ እንዲያ ያለውን ጨዋታ ጥሎ መውጣት አልነበረበትም አለ። የቅርብ ወዳጆች የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በዚህ ተቆራርጠው ከ20 ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በኋላ ረስል ይቅርታ ጠየቀ፤ ታረቁም። እንግዲህ አስቡት፤ በመዝገብ የማይታየውን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ የሌላውን ሰው በመዝገብ የማይታይ ሕመም ሊያይ አልቻለም። ከጎን መሆን ብቻውን አያበቃም። ምስክር ሊሆን የሚፈልግ ሰው «ያላየሁት ነገር ሊኖር ይችላል» የሚል ፍርሃት ያስፈልገዋል። ያ ፍርሃት ከሌለው ከመዝገቡ የከፋ ነው፤ መዝገብ ቢያንስ አይቀየምም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ሰፋሪው ማን ነው? አክባሪ የመሆን መብትስ የማን ነው?

ረስል ለቦስተን ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደርብ፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ሬዲንግ የሚኖርበት ቤት ተሰብሮ ተገባ፤ ግድግዳው ላይ የዘር ስድብ ተጻፈበት፤ አልጋው ላይ ተጸዳዱበት። በ1961 ሴልቲክስ ለወዳጅነት ጨዋታ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ሲሄድ፣ ያረፉበት ሆቴል ምግብ ቤት ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አላስተናግድም አለ። ረስልና አራት ጥቁር ጓደኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ፤ ጨዋታው ያለ እነሱ ተካሄደ። በወዳጅነት ጨዋታ ላይ አለመጫወት በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? እኔ ግን ከአንዱ ዋንጫ ጋር አወዳድር ብባል ማመንታቴ አይቀርም። በ1963 በሚሲሲፒ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ ከተገደለ በኋላ፣ ረስል ወደዚያው ወደ ጃክሰን ከተማ ሄዶ ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ላይ ቅርጫት ኳስ አሠለጠነ። ይኼም ከቁጥሮቹ ውስጥ የለም።

በ1972 ሴልቲክስ 6 ቁጥር ማሊያውን በክብር ሲሰቅል፣ ረስል ሥነ ሥርዓቱ ሕዝብ ሳይገባ እንዲሆን ጠየቀ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ የቀድሞ ጓደኞቹ ብቻ ባሉበት ተደረገ። በ1975 የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ሲመርጠው በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘም። ብዙዎች «ትዕቢተኛ፣ ክብር የማይገባው» አሉት። ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የአዳራሹን ቀለበት ጥቂት ወዳጆቹ ባሉበት በጸጥታ ተቀበለ፤ ምክንያቱንም ገለጸ። ከእሱ በፊት መግባት የሚገባቸው ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ፤ በተለይም በ1950 በኤን.ቢ.ኤ. ቡድን የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ቸክ ኩፐር። ኩፐር አዳራሹ የገባው በዚያው በ2019 ነው፤ ከሞተ ከረጅም ዓመታት በኋላ።

ይኼን እንዴት እንፍረደው? አንድ ሰው «እነዚያ ልጆች፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ያጨበጨቡለት፣ ምን በደሉ? በ1972 በሩን ለምን ዘጋባቸው?» ሊል ይችላል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሆኖም ረስል የነገረን አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ሥራህን የወደደ ሰው ሁሉ አንተን የመስፈር መብት የለውም። ሜዳ ላይ ሲያዩት አጨብጭበው ጎረቤታቸው እንዳይሆን የሚፈልጉ ሰዎች፣ የሚያከብሩት ዋንጫውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ባዶው አዳራሽ የነበረው ባዶ አልነበረም፤ ምስክሮቹ በሙሉ ነበሩበት። የ1975ቱም እምቢታ ክብርን መናቅ አልነበረም፤ ኩፐር የሌለበት ሰልፍ ላይ ከፊት አልቆምም ማለት ነበር። ሜዳ ላይ ኳሷን ለጓደኛው ያቀበለው እጅ፣ ክብሩንም ለቀደመው ሰው አቀበለ። በ1999 የቦስተን ሕዝብ በተሰበሰበበት ማሊያው ዳግመኛ ሲሰቀል ግን መጥቷል፤ ሰው ከተማውን ሳይረሳ ይቅር ሊለው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን። እኛ በነጥብ ተሰፍረን እዚህ ገብተናል፤ በነጥብ ተሰፍረንም እንወጣለን። ነጥብን ማንቋሸሽ አልፈልግም። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያስተናግድ ተቋም የእያንዳንዱን ጓደኞች ጠርቶ ምስክር ሊሰማ አይችልም፤ ነጥብ ባይኖር ቦታውን የሚይዘው ምስክርነት ሳይሆን ዝምድና ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ ይኑር፤ ይጻፍም። ጥፋቱ የሚጀምረው መዝገቡን እንደ ሰውየው ስንወስደው ነው። ዶርም ውስጥ ለሌሎች ሲያስረዳ አምሽቶ የራሱን ሳያጠና የሚያድር ልጅ አለ፤ ሁላችንም አንድ እንዲህ ያለ ሰው እናውቃለን። ማስታወሻዋን ለታመመች ጓደኛዋ በእጇ ገልብጣ የምትሰጥ ልጅ አለች። ውጤት ሲለጠፍ ስማቸው መኻል ላይ ነው፤ ከላይ ካሉት ስሞች ጥቂቶቹ ግን ያለ እነሱ እዚያ ባልደረሱ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ማን ይሰፍራቸው? መዝገብ ሹሙ አይችልም፤ አያውቃቸውም። የሚችለው ያሠሩት ሰው ብቻ ነው። የ1962ቱ ተጫዋቾች ያደረጉትም ይኼንኑ ነው፤ ማንም ያልጻፈውን ስላወቁ ድምፃቸውን ለዚያ ሰጡ። እኛም ያወቅነውን ለመናገር ኮከብ ምርጫ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ከምረቃው በፊት፣ ሰውየው ገና እዚሁ ካፌ ተሰልፎ ሳለ ሊነገረው ይችላል።